እሺታዬን መልሱልኝ

ራሞና ካንቱ ወንድሟ ሲዶልትባት ያየችው ከጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ነው። ሰማችው አላልኩም፣ አየችው ነው ያልኩት። ከኢራቅ ጦርነት ከተመለሰች ወዲህ ግራ ጆሮዋ የሚሰጣት ፉጨት ብቻ ነው፤ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ረስተው የወጡ ይመስል ሌት ተቀን አያባራም። ቀኙም ቢሆን ከዓመት ዓመት እየከዳት ነው። ከንፈር ማንበብን ግን ማንም ሳያስተምራት ለመደችው። የዘመድ ከንፈር ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፣ ሲዋሽ እንኳ በየት በኩል እንደሚጣመም ታውቀዋለች። ኔስቶር እንቁላል ቶርቲያ በሚሉት ስስ ቂጣ ጠቅልሎ እየጎረሰ ስለነበር ግማሹ ነገር አፉ ውስጥ ቀረ። የተረፈው ግን ጥርት ብሎ ታያት። "እሷው ራሷ እሺ ብላለች" አለ። ዋጠና ቀጠለ፣ "እስከ አስራ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለቀ ጉዳይ ነው። አትንገሪያት።" እናታቸው ኤውላሊያ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ስለነበር ምን እንደመለሰች አልታወቀም።

ራሞና እርጥቡን አንሶላ ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ትታ ገባች። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ከቆመበት ለሦስተኛ ሰው ቦታ የለውም፤ ፍሪጁ፣ የእናትየው የቅዱሳን ሥዕሎች፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን የሚቀበለው ሰማያዊ ባልዲ፣ ሁሉም ተጣቦ ነው የሚኖረው። መስኮቱ ላይ የተገጠመው አሮጌ አየር ማቀዝቀዣ ጉርምርምታው ለጤነኛ ጆሮም አይመችም፣ ግን በሰኔ የሳን አንቶኒዮ ከተማን ሙቀት ያለ እሱ የሚችል የለም።

"ምንድን ነው የማይነገረኝ?" አለች።

ኔስቶር አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ምንም። ተይው።"

ይቺ "ተይው" የምትባል ነገር! ሰው ጆሮው ሲደክም ቤተሰቡ መጀመሪያ ጮክ ብሎ ያወራዋል፣ ከዚያ ይደግምለታል፣ ከዚያ ይሰለቸዋል፣ መጨረሻ ላይ "ተይው" ትመጣለች። ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም ሲስቅ ራሞና "ምን አላችሁ?" ትላለች፤ "ተይው፣ ያን ያህል አያስቅም" ነው መልሱ። ሐኪሙ ስለ እናቷ የደም ግፊት ምን አለ? "ተይው፣ በኋላ እነግርሻለሁ።" ያ በኋላ የሚባል ሰዓት ደግሞ መጥቶ አያውቅም። እሷም ሰለቻትና መጠየቁን ተወች። ሰው ከንፈሩን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ፈገግ ብላ ራሷን መነቅነቅ ያዘች። ለነገሩ ይህን ያስተማራት ቤተሰቧ ብቻ አይደለም፣ ሠራዊቱ ቀድሞ አሠልጥኗታል። በሰልፍ በሚጓዝ የጦር መኪና አናት ላይ ከመትረየስ ኋላ ቆመው፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ነፋሱ አሸዋ እየዘራ፣ ሳጅኑ ከታች አንድ ነገር ሲያምባርቅ "አልሰማሁም" አይባልም። "እሺ ሳጅን!" ይባላል፤ ከዚያ የፊተኛው መኪና የሚያደርገው ታይቶ ይደረጋል። ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርገው፣ ሳጅኑ ራሱ ሳይቀር። ራሞና ከጦርነቱ ስትመለስ ይቺን እሺታ ይዛት መጣች።

እሺታዋ ደግሞ በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። በሰፈራቸው ሴት ልጅ አስራ አምስት ዓመት ሲሞላት ትልቅ ድግስ ይደገሳል፣ ወጪውንም ዘመድ አዝማድ ይካፈለዋል፤ አንዱ አዳራሹን፣ አንዱ ሙዚቀኞቹን፣ አንዷ ኬኩን። ጡሩምባና አኮርዲዮን ባናወጡት ግብዣ ላይ የሆነች አክስት ጆሮዋ ስር ስትለፈልፍ እሺ፣ እሺ እያለች፣ ባለፈው ዓመት ብቻ የሦስት ልጃገረዶች ኬክ ገዢ ሆና ተገኘች። አንደኛዋን ልጅ ጭራሽ አታውቃትም ነበር። ባለ አምስት ደርብ ኬክ፣ ስድስት መቶ ዶላር! ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። እሷም አብራ ትስቃለች፣ ምን ታድርግ።

የዛሬው ግን ኬክ አልነበረም። "ምን ላይ ነው እሺ ያልኩት?" አለች፣ ከበሩ ላይ ንቅንቅ ሳትል። ኔስቶር እናቱን አየ፣ እናቱ ባልዲውን አየች። እየተጎተተ ወጣ ነገሩ። ትናንት ማታ ከጠበቆቿ ቢሮ ወደ ቤት ተደውሎ ነበር። ራሞና ሐሙስ ዕለት በስልክ ተጠይቃ ስለተስማማች በጆሮ መድፈኛ ፋብሪካው ላይ የመሠረተችው ክስ በእርቅ ሊዘጋ ነው፤ ሐሳቧን የምትቀይር ከሆነ ግን እስከ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ታሳውቅ ተብሏል። እናትየው "እነግራታለሁ" ብላ ስልኩን ዘጋች። የነገረችው ለኔስቶር ነው።

ሐሙስ! ራሞና ሐሙስን አስታወሰችው። የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በሚያድሩበት ግቢ፣ በኃይለኛ የውኃ ቧንቧ ጎማ ስታጥብ፣ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። አንዲት ሴት ለፈለፈች። ራሞናም የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ መስሏት "አዎ እመቤቴ፣ እሺ እመቤቴ" አለችና ዘጋችው። እናቷ ናት፣ ሌላ ሰው አይደለም፤ በአንድ ማዕድ እየበሉ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሊደብቋት ነበር።

ክሱ እንዲህ ነው። ሠራዊቱ ለወታደሮቹ ያደለው ባለ ሁለት ጫፍ የጆሮ መድፈኛ ቁመቱ አጥሮ ኖሯል፤ ጆሮ ውስጥ ደህና የገባ እየመሰለ ማንም ሳያውቅ ይላላል። ፋብሪካው ግን ያውቅ ነበር ነው የሚሉት ከሳሾቹ። ራሞና መድፈኛዋን በየማለዳው በደንብ አድርጋ እየወተፈች፣ ተጠበቅሁ ብላ፣ አንድ ዓመት ሙሉ መትረየስ ተኩሳለች። አሁን ፋብሪካው ለሁሉም ከሳሽ የሚከፋፈል ገንዘብ አቅርቧል፤ የተቀበለ ሰው ፋብሪካው ጥፋት የለበትም በሚል ቃል ይስማማል፣ ዳግመኛም አይከስም። ራሞና ከአራት ዓመት በፊት ስትከስ ግን የፈለገችው ሌላ ነው። አንድ ከፋብሪካው የመጣ ሰው፣ ከረባት ያሰረም ቢሆን፣ ሸሚዝ የለበሰም ቢሆን፣ ዳኛ ፊት ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ "እያወቃችሁ ነው ወይ የሰጣችሁን?" ስትለው መልስ እንዲሰጣት። እሱ ሲመልስ አፉን ልታየው። ይኸው ነው ምኞቷ።

"ገንዘቡ እኮ እጅሽ ሊገባ ነው!" ኔስቶር እጁን አወናጨፈ። "ጣሪያው ይሠራል። እኔም ያቺን ጋሪ ጥዬ ለሥራዬ የምትሆን መኪና እይዛለሁ፣ ሸክላ ንጣፍ ጭኜባት ዳገት የምትወጣ መኪና። ቀስ እያልኩ እመልስልሻለሁ። ፍርድ ቤት ተገትረሽ ምን ልታተርፊ ነው?"

"ጥፋት የለባችሁም ብዬ ልሂድ?"

"ማን ያነበዋል እሱን! ቃል ነው!"

ራሞና ወደ እናቷ ዞረች። ኤውላሊያ የሆነ ነገር አለች፣ አገጯን ወደ ደረቷ ቀብራ ስለነበር ግን አልታየም። ራሞና ጠበቀቻት። እናትየው እጇን አወዛወዘች፣ ያው "ተይው" ማለቷ ነው። ያን ጊዜ ራሞና ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ መንጭቃ ወጣች። በሩን እንዴት አድርጋ እንደዘጋችው እሷ አልሰማችም፤ ጎረቤት ግን ሰምቷል።

የከተማውን አውቶቡስ ያዘች። ከሹፌሩ ኋላ ያለውን የመጀመሪያ ወንበር ነው ሁልጊዜ የምትይዘው፣ ከእጁ ላይ ዓይኗን አትነቅልም። እሷም ሰባት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፣ አንዲት ጭረት ሳታስቆጥር። ለፈቃድ እድሳት ስትሄድ ሐኪሙ ከኋላዋ ቆሞ አንሾካሾከ፤ ፈተናው የሰማችውን መድገም ነበር። እዚያ እሺ ማለት አይሠራም። የነዳችውን አውቶቡስ አሁን ታጥባለች፣ ክፍያውም በግማሽ ወርዷል። በመስኮቱ የጎማ ጥገና ቤቶች፣ የበግና የላም ጭንቅላት ሥጋ በእሑድ ብቻ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ባንዲራ የሰቀሉ ቤቶች እያለፉ ሄዱ። ጣሪያው ያሳዝናታል፣ አያሳዝናትም እንዳትሉ። ጠጋኙ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ጠርቶ ነው የሄደው፤ በዝናብ ሌሊት እናቷ አልጋዋን እየጎተተች ጥግ ታስጠጋለች። ኔስቶርም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ጉልበቱ ሸክላ ላይ ሲንበረከክ አልቆ ነው። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ጠይቀዋት ቢሆን ምን ትል እንደነበር እሷም እንጃ። አልጠየቋትም።

የጠበቆቹ ቢሮ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ላይ ነው፤ ብርዱ የሬሳ ማቆያ ነው የሚመስለው። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ኮምፒውተሯን እያየች አጉተመተመች። "የኔ እናት፣ ቀና ብለሽ ንገሪኝ፣ የምሰማው አፍሽን ነው" አለቻት ራሞና። ልጅቷ ደንግጣ ቀና አለች፤ ደጋግማም ይቅርታ ጠየቀች። ከአንድ ሰዓት በላይ ካስጠበቋት በኋላ ኮርቢን ሄልምስ የሚባል ጠበቃ ቢሮው አስገባት። ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የተበላ ሳንድዊች አለ፣ ከግድግዳው ስር ደግሞ እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ጉዳይ በካርቶን በካርቶን ተደርድሯል።

"እሺታዬን መልሱልኝ" አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

ሄልምስ ትሕትና አላጎደለባትም። ወንበር ስቦላት፣ ስሟን አስፈልጎ፣ "ወይዘሮ ካንቱ፣ መስማማትዎ በድምፅ ተቀድቷል፣ ይኸውልዎ" አለና በድምፅ ማጉያው ቅጂውን ከፈተላት። ራሞና ማጉያውን ትክ ብላ አየችው። ጥቁር ሣጥን ነው። ከንፈር የለው፣ ቅንድብ የለው። ትንሽ ቆይታ ሳቋ መጣ፣ ከልቧ ነው የሳቀችው።

"እናንተ ሰዎች ጤና አላችሁ? ደንቆሮ ነኝ ብዬ ከስሼ፣ ደንቆሮነቴን እናንተው ተከራክራችሁልኝ፣ አሁን እሺ ማለቴን ልታሳምኑኝ ቴፕ ትከፍቱልኛላችሁ?"

ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ። ቅጂውን መልሶ ራሱ አዳመጠው፣ ግንባሩን ቋጥሮ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ደገመው። "ውኃ ይመስላል" አለ። "ውኃ ነው የሚሰማው። ከዚያ የእርስዎ 'አዎ እመቤቴ'።" ዘጋው። ቅጂው ስለማይረባ እሺታዋን መሰረዝ እንደምትችል ነገራት፤ ምክሩ ግን አይሰርዙ የሚል ነበር። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ስለተናገረ እንዲደግም ጠየቀችው። ደገመ። ቃሉ ረዘመባትና አሳጥሮ እንዲነግራት ጠየቀችው። አሳጠረ። ዛሬ እምቢ ካለች ክሷ ለብቻው የሚታይበትን ተራ ትጠብቃለች፣ ዓመታት ሊሆን ይችላል። የፋብሪካው ጠበቆች በልጅነቷ አደን ወጥታ ታውቅ እንደሆነ፣ ሙዚቃ ጮክ አድርጋ ትሰማ እንደሆነ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ልጆች ይጮኹ እንደሆነ ሁሉ ያነሱባታል። ዳኛው ጉዳዩን ሳይሰማው ሊዘጋውም ይችላል። "የሐቁን ልንገርዎት፣ እናቴ ብትሆን ተቀበዪ ነው የምላት" አለ፣ ፊት ለፊት እያያት።

ይሄ ደግሞ እውነት ተናጋሪ ሰው ሆነባት። ቁጭ ብላ የሳንድዊቹን ወረቀት እያየች ጣሪያውን አሰበች፣ የአልጋው እግር ወለሉን ሲፍቅ የሚተወውን መስመር አሰበች። ተመልሳ እሺ ልትል፣ እውነት እላችኋለሁ፣ አፏ ተከፍቶ ነበር።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ኔስቶር ገባ። ሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው፣ ጉልበቱ ላይ የሲሚንቶ አቧራ አለበት። ከኋላው ኤውላሊያ ለቅዳሴ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ኔስቶር እህቱን አላያትም። በትከሻዋ ላይ አሳልፎ ለጠበቃው እጁን ዘረጋ። ራሞና ወደ እሱ ዞራ ስለነበር የተናገረውን አንድ በአንድ አየችው፤ "ወንድሟ ነኝ። እሷ በደንብ አትሰማም፣ ነገሩም አይገባትም። እኔን ያናግሩኝ፣ እኛ ተስማምተናል።"

ጠበቃውም፣ አይፈረድበትም፣ ሲደግም ሲያሳጥር የዋለ ሰው ነው፣ እፎይ ብሎ ወደ ኔስቶር ዞረ። ለራሞና የቀራት የአንድ ጉንጭ ጎን ብቻ ነበር። ጉንጩ እየተንቀሳቀሰ ስለ እሷ ያወራል፣ ስለ ጆሮዋ ያወራል፣ እሷ ግን አንዲት ቃል አይደርሳትም። ወንድሟ ራሱን ይነቀንቃል። ከንፈሩ "እሺ" አለ። በእሷ ፈንታ እሺ አለ!

"ወደዚህ ዙሩ!"

ድምጿን መመጠን ስለማትችል ፎቁ በሙሉ ነው የሰማት። መስታወቱ ማዶ ያሉ ሰዎች ከወንበራቸው ተነሡ። ሄልምስ ዞረ። ኔስቶርም ዞረ።

"አቶ ሄልምስ፣ ስለ እኔ ከሆነ ወደ እኔ እያዩ ያውሩ። አንተም አፍህን ዝጋ፣ አፈርኩብህ። ከሠራዊቱ ጀምሮ ያልሰማሁትን ሁሉ እሺ ስል አሥራ ስምንት ዓመት! መድፈኛውን ሲሰጡኝ ይሠራል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፣ እሺ ብዬ ወተፍኩ። ሥራዬን ሲወስዱ እሺ። የማላውቃትን ልጅ ኬክ ግዢ ሲሉኝ እሺ። አሁን ደግሞ ጆሮዬን ያጠፉት ሰዎች ጥፋት የለባችሁም እንድላቸው የምትፈልጉት ስላልሰማሁ ነው። ሰምቼ ቢሆን እሺ አልልም ነበር፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ለዚህ ነው የደበቃችሁኝ!"

ኔስቶር "ቀስ በይ" የሚል ምልክት በእጁ ሠራ። አላየችውም፣ ወይም አላየሁም አለች። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ በበሩ በኩል አጮለቀች፤ ማንም ግቢም ውጪም ስላላላት እዚያው ቆማ ቀረች።

ሄልምስ ከረባቱን አላላ። ወንበሩን ከጠረጴዛው ኋላ አወጣና ከራሞና ፊት ለፊት አምጥቶ ተቀመጠ፣ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ እስኪደርሱ። እምቢታዋም በድምፅ መቀዳት ስላለበት መቅጃውን በመካከላቸው አስቀመጠና ቀስ ብሎ፣ አፉን ከፈት እያደረገ፣ ይጠይቃት ጀመር። ስሟን ጠየቃት፣ መለሰች። እርቁን እንደማትቀበል ጠየቃት። "አልቀበልም።" የሚቀጥለውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አስደገመችው፣ ሦስተኛውንም አስደገመችው፣ ምንም አላፈረችም። ኔስቶር ግድግዳውን በመዳፉ መታ። ሰዓቱ እየገፋ ነበር፣ ሰውየው ግን አልቸኮለባትም።

"መጨረሻ ላይ ምንም ላያገኙ እንደሚችሉ ገብቶዎታል?" አለ።

ራሞና መልሱን ለመስጠት አልተጣደፈችም። ጥያቄውን ከከንፈሩ ላይ አንስታ አንድ ጊዜ በሆዷ ደገመችው። በጣም ከባድ ጥያቄ ነበር፣ ደግሞም ማንም በትከሻዋ ላይ አሳልፎ ለሌላ ሰው አልጠየቀውም።

"አዎ" አለች። "ይሄን ሰምቼዋለሁ።"

ኔስቶር ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ ሄደ፣ እናቱን እንኳ አልጠበቀም። ራሞናና ኤውላሊያ አሳንሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። እናትየው ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች፣ የሆነ ነገር አጉተመተመች።

"አልሰማሁሽም፣ እማ።"

ኤውላሊያ እጇን ከፍ አደረገች፣ ልታወዛውዘው።

"ተይው እንዳትዪኝ!" አለች ራሞና። "አልሰማሁም። ድገሚልኝ።"

አሳንሰሩ ወረደ። በሩ ተከፈተ፣ የሚወጣ ስላላገኘ ተመልሶ ሊዘጋ ሲል ራሞና በእግሯ ያዘችው። አሮጊቷ ልጇን ከታች ወደ ላይ አየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን ብብቷ ስር ሸጎጠችና በሁለት እጇ የራሞናን ጉንጭ ይዛ ፊቷን ወደ ፊቷ አመጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አፏን ጥርሷ እስኪታይ ከፈተችው።

"ተናድጄብሻለሁ ነው ያልኩት! ሰማሽ? በጣም ነው የተናደድኩብሽ!"

ራሞና እያንዳንዷን ቃል አየች።

"ተናደጂ፣ እማ" አለቻት፣ ራሷን ሳትነቀንቅ።